ሰማያዊው ሹራብ

(ሐዋሳ፣ ከሰዓት በኋላ። ይታገሱ የኮምፒውተር ስክሪን በሚሸጥበትና በሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ፣ ከሻሸመኔ የመጣች ታናሽ እህቱ ትርሲት ላፕቶፕዋን ባንኮኒው ላይ ከፍታ አንድ ፎቶ ታያለች፤ መርሳት የያዛቸው አባታቸው ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም።)

ይታገሱ፦ በሱ አትዪው አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልንገርሽ? እሱ ላፕቶፕ ቀጥ ብለው ካልተቀመጡለት የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው።

ትርሲት፦ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ይታገሱ፦ አንቺ ቀጥ ብለሻል፣ ስክሪኑ ግን ወደ ኋላ ጋደም ብሏል። ትንሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። አሁንስ?

ትርሲት፦ አሁን ጠቆረ።

ይታገሱ፦ ሹራቡስ?

ትርሲት፦ ሹራቡ ሰማያዊ ነው።

ይታገሱ፦ እኔ ካለሁበት አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ አንተ ከጎን ቆመህ ነዋ። ና፣ እኔ ቦታ ላይ ተቀመጥና እየው።

ይታገሱ፦ አልቀመጥም። ሰዓቱን እያየሽ ነው? ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የጠበሉ አውቶብስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ምእመናኑን ጭኖ ይነሳል ብሎኛል ሰውየው። ከዚያ በኋላ አባባን የት ብለን ነው የምንፈልጋቸው?

ትርሲት፦ ጠበሉን ለጊዜው ተወው፣ ጋሽዬ።

ይታገሱ፦ እንዴት አድርጌ ነው የምተወው? ሰው አፋልጉን ብለን የለጠፍነውን አይቶ በገዛ ገንዘቡ ደወለልኝ። «በወንዶ በኩል ካለው ጠበል አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ ስማቸውን ብንጠይቃቸው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይናገሩም» አለኝ። ይሄ አባባ ካልሆኑ ማን ሊሆን ነው?

ትርሲት፦ ሾፌሩ የላከው ፎቶስ?

ይታገሱ፦ ሾፌሩ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። መንገድ ዳር ወድቀው አገኘኋቸው፣ በዝዋይ መስመር ያለ ጤና ጣቢያ አስገባኋቸው፣ የስልኬ ስክሪን ስለተሰነጠቀ ከለሩ አይለይልኝም፣ እናንተው እዩት ነው ያለው።

ትርሲት፦ «ቤተሰብ ከሆናችሁ መኪና ይዛችሁ ድረሱ» ማለቱንስ? አምቡላንሳቸው ሌላ ሰው ይዞ ወጥቷል፤ ሐዋሳ ሆስፒታል ካልደረሱ እዚያ ብዙ ሊረዷቸው እንደማይችሉ ነግረውኛል ብሏል።

ይታገሱ፦ ቤተሰብ ከሆንን ነው ያለው። ካልሆንንስ?

ትርሲት፦ ደግመህ ደውልለት።

ይታገሱ፦ እስኪታክተኝ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም ትላለች ሴትየዋ። የጤና ጣቢያውን ስልክ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ምን ላድርግ?

ትርሲት፦ እኔ እንጃ። ለሁለት እንከፈል ይሆን?

ይታገሱ፦ መኪናው አንድ ነው፤ እሱም ከጎረቤት ተለምኖ የተገኘ። አንቺ በታክሲ ጤና ጣቢያ ብትደርሺ በምን ታመጫቸዋለሽ፣ በጀርባሽ? አባባን ከጠበል ለመመለስም ሰው እጃቸውን ይዞ መኪና ውስጥ ካላስገባቸው አውቶብስ ተራ ላይ ያመልጡናል። ወደ አንዱ ነው መሄድ ያለብን።

ትርሲት፦ እሱን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ፎቶውን በደንብ እንየው ያልኩህ።

ይታገሱ፦ ፎቶው ምን አለው? ፊታቸው እስከ አፍንጫቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የቀረው አብጧል። እጃቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ጺም ነው ያላቸው፤ ጺም ያለው ሽማግሌ ደግሞ አገሩን ሞልቶታል። የሚታየው ሹራቡ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ እኮ ሹራቡን እንየው።

ይታገሱ፦ በስልኬ አየሁት እኮ። አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ ያንተን ስልክ እንኳ ተወው። እሱ ላይ እኔ ራሴ ሙሽራ ነው የምመስለው።

ይታገሱ፦ ስክሪኑ አሞሌድ ስለሆነ ነው፤ ማፍካት ይወዳል። ግን ቢያፈካ ቢያፈካ ሰማያዊን አረንጓዴ አያደርግም።

ትርሲት፦ ዘንበል ስታደርገውስ?

ይታገሱ፦ ዘንበል ሲል... ትንሽ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

ትርሲት፦ አየህ?

ይታገሱ፦ ትንሽ ነው ያልኩሽ። ነጭ ወረቀት ብታዪበት እንኳ እምብዛም አይታወቅሽም። አሁን ለዚህች ብለሽ ነው?

ትርሲት፦ ዛሬ ለትንሹም ነው። እስቲ መጀመሪያ እዚህ ተቀመጥ። እኔ እቆማለሁ።

ይታገሱ፦ እሺ። ይኸው ተቀመጥኩ። እ... ከዚህ ሲታይ ሰማያዊ ይላል።

ትርሲት፦ ይላል አይደል? ሰማያዊ ነው ብዬህ ነበር እኮ።

ይታገሱ፦ ቆይ፣ አንገቴን ዝቅ ሳደርገው ግን ጥቁር ሊሆን ነው። ቀና ስል ደግሞ ገረጣ። አየሽ፣ ይሄ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ርካሹ። ፊት ለፊቱ እንኳ ሆነሽ የስክሪኑን አናትና እግር አንድ ዓይነት አድርጎ አያሳይሽም። በዚህ ላይ ያየሽውን ከለር አምነሽ መጋረጃ እንኳ መግዛት የለብሽም።

ትርሲት፦ ይሄን ላፕቶፕ የሰጠኸኝ አንተ ነህ እኮ።

ይታገሱ፦ ደብዳቤ ጻፊበት ብዬ ነው የሰጠሁሽ። አባባን ፈልጊበት አላልኩም።

ትርሲት፦ ያ ትልቁስ? ግድግዳው ላይ ያለው።

ይታገሱ፦ እሱ ቪኤ ነው። ከዚህኛው በብዙ ይሻላል። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ፊልም ለሚወድ ሰው ምርጥ ነው። ግን ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ አልሸጥላቸውም።

ትርሲት፦ ለምን?

ይታገሱ፦ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ብቻ ነው የሚጠግበው። ጎን ያለው ሰው ሁሉ ነገር ይገረጣበታል። በሳምንቱ ተጣልተው ይመልሱልኛል።

ትርሲት፦ በናትህ ክፈተው።

ይታገሱ፦ ትርሲት፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

ትርሲት፦ ክፈተው አልኩህ። ከዚህ ወጥተን አንዱ መንገድ ከገባን በኋላ መመለስ አይቻልም። አሁን እንየው።

ይታገሱ፦ እሺ። ፍላሹን ስጪኝ። ...ይኸው። መሀል ላይ ቁሚ።

ትርሲት፦ ቆሜያለሁ።

ይታገሱ፦ ምን ታያለሽ?

ትርሲት፦ ወደ... ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነገር ነው። ጨለማ ስለሆነ ነው እንጂ ሰማያዊ ነው። አንተስ?

ይታገሱ፦ እኔ ዳር ስለሆንኩ ግራጫ ሆኖብኛል። ዞር በይልኝ። ...እኔ ደግሞ አረንጓዴ ነው የምለው። ጥቁር አረንጓዴ።

ትርሲት፦ እኔ የቆምኩበት ላይ ሆነህ?

ይታገሱ፦ አንቺ የቆምሽበት ላይ ሆኜ። አንዱን ስክሪን በአንድ ቦታ ቆመን ሁለት ነገር አየን። ይሄ እንግዲህ የስክሪኑ ጥፋት አይደለም።

ትርሲት፦ ምን ማለትህ ነው?

ይታገሱ፦ አንቺ ሰማያዊ እንዲሆን ፈልገሻል ማለቴ ነው። ከመጣሽ ጀምሮ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ትያለሽ። ለምንድን ነው? አባባ እዚያ ፊታቸው ተሰብሮ ወድቀው እንዲገኙልሽ ነው የምትፈልጊው?

ትርሲት፦ እንደሱ አትበለኝ።

ይታገሱ፦ ምን ልበልሽ ታዲያ? ጠበል ቦታ ደህና ሆነው፣ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል የሚል ሰው አለኝ። አንቺ ግን ፋሻ የተጠቀለለውን ካልወሰድኩ ብለሽ ሙጭጭ አልሽ። ሆድሽ ውስጥ ያለው ነገር ሊገባኝ አልቻለም።

ትርሲት፦ ሆዴ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው። ሌላ ምንም የለም። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እና እንደሱ አትበለኝ፣ ጋሽዬ።

ይታገሱ፦ ...ይቅርታ። እኔም ፈርቼ ነው የምለፈልፈው። ጠዋት አንድ ደንበኛ መጥቶ ኬብል ሲጠይቀኝ ማውዝ አሽጌ ሰጠሁት።

ትርሲት፦ ስልክህ እየጠራ ነው።

ይታገሱ፦ እማዬ ናት። አላነሳም።

ትርሲት፦ ስንቴ ደወለች?

ይታገሱ፦ እንጃ፣ መቁጠሩን ትቻለሁ። ምን እላታለሁ? «አባባ ወይ እዚህ ናቸው ወይ እዚያ፣ እኛ ግን ስክሪን እያማረጥን ነው» ልበላት?

ትርሲት፦ ዝም ብትላት ይብሳል።

ይታገሱ፦ የቁርጡን ነገር ይዤ ነው የማነሳው። ቁርጡን ስናውቅ።

ትርሲት፦ እንግዲያው ያንን ክፈተው። ጨርቅ የለበሰውን።

ይታገሱ፦ እሱን?

ትርሲት፦ አዎ። ባነር የሚያሳትሙ ልጆች ሲመጡ ብቻ የምታሳየውን። ለሰው ሁሉ «ይሄ አይዋሽም» እያልክ የምታወራለትን።

ይታገሱ፦ አይፒኤስ ነው። ኬብሉ ሌላ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል።

ትርሲት፦ ጊዜ የወሰደብንስ ሌላው ሁሉ አይደል? ለምን እሱን በመጀመሪያ አልከፈትከውም?

ይታገሱ፦ አንቺስ ለምን በመጀመሪያ አልጠየቅሽም? እኔ ልንገርሽ። እሱ ላይ ከታየ በኋላ ከወዲህ ነው ከወዲያ ነው ማለት የለም። ከግራ ብታዪው፣ ከቀኝ ብታዪው፣ ወንበር ላይ ወጥተሽ ብታዪው ያው ነው። ከለሩንም በመሣሪያ አስተካክዬዋለሁ። እዚያ ላይ ሰማያዊ ከሆነ አለቀ፣ የወደቁት አባባ ናቸው። እኔ እሱን ማየት አልፈለግኩም። ይኸው፣ ነገርኩሽ።

ትርሲት፦ እኔም እንደዚያው ነኝ።

ይታገሱ፦ አንቺም?

ትርሲት፦ እኔም ማየት አልፈለግኩም። ግን ክፈተው።

ይታገሱ፦ እሺ። ግን አንድ ነገር እንስማማ። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ሰማያዊ ከሆነ ጤና ጣቢያ፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠበል። ተስማማን?

ትርሲት፦ የሚያሳየንን እንቀበላለን። እሱን እስማማለሁ።

ይታገሱ፦ በይ ያንን ሶኬት ሰኪልኝ። የታችኛውን። እዚያ ጋ ያለው አይሠራም።

ትርሲት፦ ሰካሁት።

ይታገሱ፦ ይሄን ኬብል ስክሪኑ ከገባ ጀምሮ ስሰካው ኖሬ ዛሬ ቀዳዳው ጠፋኝ። እ... ገባ።

ትርሲት፦ አልበራም እኮ።

ይታገሱ፦ ይበራል፤ ትንሽ ይቆያል። አባባ ይሄን ሲያዩ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ሱቁን ስከፍት መጥተው ሳለ ዓይናቸው ገና አልተሠራም ነበር። «ይሄ ሁሉ መስታወት ሰው የማያሳይ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። የጠፋ ስክሪን ሁሉ መስታወት ይመስላቸው ነበር።

ትርሲት፦ አታስቀኝ፣ አሁን ብስቅ አለቅሳለሁ።

ይታገሱ፦ በራ። ፎቶውን ልክፈተው?

ትርሲት፦ ቆይ።

ይታገሱ፦ ምን?

ትርሲት፦ ምንም። ክፈተው።

ይታገሱ፦ መጀመሪያ ሹራቡን አትዪ። ፋሻውን እዪልኝ። ነጭ ነው?

ትርሲት፦ ነጭ ነው።

ይታገሱ፦ ቢጫ አይልም? ሰማያዊ አይልም?

ትርሲት፦ አይልም፤ ነጭ ነው። የደም ጠብታዋም ቀይ ናት።

ይታገሱ፦ እንግዲያው የሾፌሩ ካሜራም አልተሳሳተም። ነጩ ነጭ ሆኖ ከታየ የቀረውም እንደዚያው ነው። አሁን ሹራቡን እዪ።

ትርሲት፦ አንተ በለው።

ይታገሱ፦ አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ ከግራ በኩል እየው።

ይታገሱ፦ አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ ቆመህስ? ከላይ ሆነህ?

ይታገሱ፦ አረንጓዴ ነው፣ ትርሲት። እንደ ጎመን ነው። እፎይ፣ ተመስገን አንተ ጌታ። ተመስገን። ልቀመጥ እስቲ። አባባ አይደሉም። የኛ አባባ አይደሉም። እኚህ ሰውስ ልጅ የላቸውም ይሆን? እግዚአብሔር የሚደርስላቸው ያምጣላቸው። አባባን ካገኘን በኋላ በመመለሻችን ለዚያ ጤና ጣቢያ ሰው እንልካለን፤ እንዲያው ጥለናቸው አንቀርም። በይ ተነሺ። ቁልፉን የት አደረግኩት? ...ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ከአስራ አንድ በፊት እንደርሳለን። ተነሺ እንጂ።

ትርሲት፦ ጋሽዬ።

ይታገሱ፦ ምነው? ለምንድን ነው የምታለቅሽው? አለፈ እኮ። አረንጓዴ ነው።

ትርሲት፦ ለአባባ ሹራቡን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ አይደል?

ይታገሱ፦ አዎ፣ አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ምን ዓይነት ገዛሁላቸው?

ይታገሱ፦ ሰማያዊ።

ትርሲት፦ አይተኸዋል?

ይታገሱ፦ እንዴት አላየውም? በደወልኩ ቁጥር «ሰማያዊዬን ደርቤ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው» ይሉኝ የለም እንዴ? እማዬስ ብትሆን «ሰማያዊውን አላወልቅ አሉኝ፣ ልጠበው እንኳ» እያለች አይደል የምታማቸው?

ትርሲት፦ እሱን ሰምተኸዋል። እኔ ያልኩህ አይተኸዋል ወይ ነው።

ይታገሱ፦ ...ቤት ስመጣ መቼም...

ትርሲት፦ ቤት የምትመጣው በበዓል ነው። በበዓል ደግሞ ነጭ ነው የሚለብሱት።

ይታገሱ፦ ምን ልትይኝ ነው?

ትርሲት፦ የዓይናቸው ሞራ የተነሳ ሰሞን ነው የገዛሁት። አንተ ዕቃ ልታመጣ ሞያሌ ነበርክ። ፋሻውን ሲፈቱላቸው ፊት ለፊታቸው ዘርግቼ ያዝኩት። ስንት ዘመን ሰው በጥላው ሲለዩ የኖሩ ሰውዬ ድንገት አዩ። «ወይ ልጄ፣ እንዴት ያለ ሰማያዊ ነው! ሰማዩን ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» አሉ። ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ሞራ የተነሳለት ሰው ለጊዜው ነገር ሁሉ ሰማያዊ ይልበታል ብሎ።

ይታገሱ፦ አንቺ ልጅ...

ትርሲት፦ አፌን ከፍቼ ልነግራቸው ስል እማዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ከዚያ እሷው ቀደመችና «ውይ፣ ሰማያዊው እንዴት ያምርብዎታል» አለች። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ማን ጨክኖ «አባባ፣ አረንጓዴ ነው» ይላቸዋል? ነገ እንነግራቸዋለን አልን፤ ነገ ሰማያዊ፣ ከነገ ወዲያም ሰማያዊ። በቃ ስሙ ሆኖ ቀረ። ጎረቤታችን ማሙሽ ፀጉሩ ሸብቶ ማሙሽ ሲባል ማን ይገርመዋል? እንደዚያ ነው።

ይታገሱ፦ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱስ? አፋልጉን የሚለው ላይስ?

ትርሲት፦ ምን ለብሰው ወጡ ሲሏት እማዬ «ሰማያዊ ሹራብ» አለች። ልትዋሽ አይደለም፤ የሹራቡን ስም ነው የነገረቻቸው። እኔም አጠገቧ ቆሜያለሁ። እኔም አንብቤዋለሁ። በገዛ እጄ ምሰሶው ላይ ስለጥፈው እንኳ አልታየኝም። ጠዋት ሾፌሩ የላከውን ፎቶ ስከፍት ነው ከእንቅልፌ እንደነቃ ሰው የሆንኩት።

ይታገሱ፦ ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?

ትርሲት፦ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። ሰማያዊ ከሆነ እሳቸው አይደሉም ብዬ ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ አንተ ከጎን ቆመህ አረንጓዴ ነው ስትል... እኔ ራሴንም ተጠራጠርኩ። ሰማያዊ ሲሉት እኔም ሰማያዊ ስል ኖሬ ምን እንደገዛሁ ጠፋኝ። አሁን ግን እዚህ ላይ ሳየው አወቅኩት። አንገቱ ስር ያለውን መስመር እንኳ አወቅኩት።

ይታገሱ፦ ለካ አንቺ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ስትይ የነበረው...

ትርሲት፦ እሳቸው እንዳይሆኑ ነው።

ይታገሱ፦ እኔ ደግሞ አረንጓዴ ሲሆን... ተመስገን አልኩ። አሁን በዚህ አፌ ተመስገን አልኩ።

ትርሲት፦ አላወቅክም።

ይታገሱ፦ ቆይ፣ ቆይ። ላፕቶፑን መልሺልኝ እስቲ።

ትርሲት፦ ምን ልታደርግበት?

ይታገሱ፦ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊ ነበር። እኔም አንቺ ቦታ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ነበር።

ትርሲት፦ ጋሽዬ።

ይታገሱ፦ ይሄ ሞኒተር ያገለገለ ነው። ከለሩን ካስተካከልኩት ቆይቷል፤ ከጊዜ ብዛት ይዛባል። ማስታወቂያ ለሚያሠራ ሰው ይበቃል እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር...

ትርሲት፦ መጋረጃ እንኳ አትግዢበት ያልከኝን ላፕቶፕ ልታምነው ነው?

ይታገሱ፦ ልመነው ተይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።

ትርሲት፦ ብታየው ሰማያዊ ነው። አውቃለሁ። እኔም ጠዋት ሙሉ ስክሪኑን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ሳየው ነው የዋልኩት። እዚህ ድረስ የመጣሁት ግን አንተ ጋ የማይዋሽ አንድ ስላለ ነው።

ይታገሱ፦ ለሰው ሁሉ «ይሄን እመኑ» ስል ኖሬ እኔው ልክደው ነበር።

ትርሲት፦ እኔም አመንኩህ። ጥሩ ነው የነገርካቸው።

ይታገሱ፦ ስንት ሰው በአጠገባቸው አልፎ ይሆን? ወረቀታችንን አንብቦ፣ ቀና ብሎ አይቷቸው፣ «አይ፣ እኚህስ አረንጓዴ ነው የለበሱት» ብሎ የሄደ ስንት ሰው ይኖራል?

ትርሲት፦ እሱን አሁን አታስበው። መንገድ ላይ ታስበዋለህ። እኔም አስበዋለሁ።

ይታገሱ፦ የጠበሉ ሰውዬስ?

ትርሲት፦ እሳቸው ሰማያዊ ለብሰዋል። የሌላ ሰው አባት ናቸው።

ይታገሱ፦ ሾፌሩ ነፍሳቸው አለች ብሏል አይደል? ደግመሽ አንብቢልኝ።

ትርሲት፦ «ይተነፍሳሉ፣ ግን አይናገሩም» ነው ያለው። ጠዋት ነው የጻፈው። ጋሽዬ፣ ተነስ፣ መኪናውን አስነሳ።

ይታገሱ፦ እሺ። እሺ። ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የምናነጥፈው። ይሄን ጨርቅም ያዢው፣ ወፍራም ነው።

ትርሲት፦ ይዣለሁ። ሁሉንም አጥፋውና ና።

ይታገሱ፦ ...አጠፋሁት። እሱን ብቻ እንደበራ ልተወው። ማጥፋት አቃተኝ።

ትርሲት፦ ተወው።

ይታገሱ፦ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት እንደገና።

ትርሲት፦ አንሳው። ቁርጡን ስናውቅ አነሳለሁ ብለህ አልነበር?

ይታገሱ፦ ምን ብዬ? «አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሰው ተገኝተዋል» ልበላት?

ትርሲት፦ አረንጓዴ የሚባል ሹራብ እኛ ቤት የለም። ሰማያዊው ነው፣ ልናመጣቸው እየሄድን ነው በላት።